«የጦር» ያልተባለበት አዋጅ

አዋጁን በድምፅ ማጉያ ያነበበችው አክስቴ ነበረች።

ወታደሮቹ ከተማችንን ከያዙ ገና ጥቂት ሳምንታት ሆኗቸው ነበር። ሻምበሉ ክፍት መኪና ላይ ቆሞ በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ይጮሃል፤ ከዚያ አክስቴ ማጉያውን ትቀበለውና በእኛ ቋንቋ ትደግመዋለች። ክንዷ ላይ ቢጫ ጨርቅ አስረውላታል። እኔ በአባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ብሎኖችን በየመጠናቸው እለያለሁ። አባቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው፤ እኔ ደግሞ በራሴ ግምት ምክትሉ ነኝ።

«መሣሪያ ያለው ማንኛውም ሰው እስከ ነገ ቀትር ድረስ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ አምጥቶ ያስረክብ! ከዚያ በኋላ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ይረሸናል!»

«ይረሸናል» የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበርና «ይሸኛል» ብዬ ሰማሁት። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ያልታዘዛቸውን እንኳ ይሸኛሉ አልኩ። ያስጨነቀኝ ሌላው ቃል ነው። መሣሪያ ምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። መፍቻው፣ ጉጠቱ፣ ሞረዱ፣ አፈ ቀጭኑ የዘይት ቆርቆሮ መሣሪያ ናቸው። አባቴ «መሣሪያዬን የነካ እጁን እቆርጣለሁ!» የማይልበት ቀን የለም፤ ለእኔም ይላል፣ ለድመቷም ይላል። ኮርኒሱ ውስጥ በሸራ የተጠቀለለ የአያቴ ጠመንጃ እንዳለም አውቃለሁ። እሱ ግን ጠመንጃ ነው። ጠመንጃን መሣሪያ ሲሉት ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

መኪናው ዞሮ በእኛ መንገድ እንደገና መጣ። አዋጁ ተነበበ። አባቴ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ሰማሽ?» አላት እናቴን። እናቴ ከሱቁ ጀርባ ካለው ጓዳ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ሰማሁ እንጂ፣ ጆሮዬ ላይ አይደል የሚጮኹት? በል አውርደውና ስጣቸው። ይገላግለን።»

«እሱን አይደለም የምልሽ። አነጋገሯን ነው። ‹የጦር› አላለችም።»

«ምን አላለችም?»

«የጦር መሣሪያ አላለችም። መሣሪያ ብቻ ነው ያለችው። ቅድምም፣ አሁንም።»

«ረስታው ይሆናላ።»

«እሷ?» አለ አባቴ።

ይህን ለመረዳት አክስቴን ማወቅ ያስፈልጋል። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ የምትኖረው በእኛው ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ወታደሮቹ ትምህርት ቤቱን የጦር ሰፈር እስኪያደርጉት ድረስ እዚያው ቋንቋ ታስተምር ነበር። የከተማው ወጣት ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈ ነው። የጎደለ ፊደል ካየች እህል አይወርድላትም። አባቴ ሱቁ በር ላይ «የስፈት መኪና ይጠገናል» ብሎ የጻፈውን ማስታወቂያ ሳታስፈቅድ በቀለም አስተካክላ «የስፌት» ያደረገችው ጊዜ፣ አባቴ ስንት ሳምንት ሙሉ «አስተማሪዋ» እያለ ሲያሽሟጥጣት ከርሟል። ቢጫውን ጨርቅ ካሰረች ወዲህ ግን ማሽሟጠጡንም ትቶታል። ጭራሽ አያናግራትም። እኔ ቢጫ ቀለም ስለሚጠላ መስሎኝ ነበር።

ሥራውን እንዴት እንደያዘች የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የእነሱን ቋንቋ በልጅነቷ ተምራ ነበር፤ ይህን ሻምበሉ ከማን እንደሰማ አይታወቅም፤ መጥቶ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ግንባር በሽጉጥ ነክቶ «ታስተረጉሚያለሽ?» አላት። «ምን ልበለው ታዲያ?» አለችኝ። ለማንም አልነገረችም፤ ዘበኛውም እንደተለቀቀ ከተማውን ለቆ ሄደ።

እናቴ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «አውቃ ከሆነ ያደረገችው» አለች ቀስ ብላ፣ «ይገድሏታል።»

አንዲት ቃል በመርሳት ሰው ይገደላል ወይ ብዬ የራሴን የቤት ሥራ አስቤ ደነገጥኩ።

አባቴ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ጋ፣ ከዚያ አናጢው ጋ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው «ጡቤ» የሚለው ጡብ ሠሪ ጋ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

«መሣሪያ አምጡ ተብለናል፣ መሣሪያ እንወስዳለን!» አለ። «ሕግ ማክበር እንደዚህ ነው!»

«እሷስ?» አለች እናቴ።

«እሷ ምን ትሆናለች? ሳተች ይባላል። ሰው አይስትም?»

በማግስቱ ጠዋት መፍቻዎቹን፣ ጉጠቶቹን፣ ያለቀበትን የዘይት ቆርቆሮ ሳይቀር በእንጨት ሣጥን ሲከት እግሩ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። በምን ሊሠራ ነው? ምን ልንበላ ነው? እኔስ የምን ምክትል ልሆን ነው? አባቴ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሶ «አይዞሽ ሚጡ፣ ይመልሱልናል» አለኝ። በመንገዱ ሁሉ ሰው ተሸክሞ ይሄዳል። አናጢው መጋዙን በትከሻው፣ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩንና ማበጠሪያውን በሳህን ላይ ደርድሮ። «ማበጠሪያም መሣሪያ ነው እንዴ?» ሲሉት «የእኔ ጥርሱ ስለታም ነው፣ ተጠያቂ መሆን አልፈልግም!» ይላል። ሰው ይስቃል። ሳቁ ግን ቶሎ ቶሎ ይቋረጥ ነበር፤ አንዱ ይስቅና ወደ ኋላው ያያል። እኔ ያየሁት ሳቁን ብቻ ነው። ምስኪኖች፣ መሣሪያቸውን እየተነጠቁ ለመጽናናት ይቀልዳሉ ብዬ አዘንኩላቸው።

ጡቤ የመጣው በጋሪ ነው፤ አንድ ጋሪ ብቻ አይደለም፣ ጋሪዎች አስከትሎ። የጡብ ማውጫ ሣጥኖች እስከ አፋቸው ተጭነውባቸዋል። ይህ ሰውዬ ይህን ያህል ጡብ የሚሠራው ለማን ነው ብዬ ተገረምኩ። ግማሾቹ ሣጥኖች ተሰባብረው ከቆዩበት ከጓሮው የተለቀሙ መሆናቸውን፣ ቁም ነገሩ ሣጥኑ ሳይሆን ጋሪው መሆኑን የተረዳሁት ስንት ዘመን ቆይቶ ነው።

ግቢው ውስጥ፣ ተማሪዎች በሚሰለፉበት ቦታ ላይ፣ ክምሩ ተራራ አከለ። መዶሻ፣ መጋዝ፣ አካፋ፣ ሚዛን፣ የሠርግ ሙዚቀኛው ከበሮና ጥሩምባ። ጥቂት ሽማግሌዎች ደግሞ የዛጉ፣ ቃታቸው የማይሳብ ጠመንጃዎች አምጥተዋል። ጭራሽ ባዶ እንዳይሆንና እንዳያስጠረጥር ተብሎ በምክክር የተመረጡ ነበሩ። ወታደሮቹ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው። አንዱ ጥሩምባውን አንስቶ ነፋበት።

ሻምበሉ ከቢሮው ወጣ። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ የነበረው ነው። ክምሩን አየ፣ ሰልፉን አየ፤ ከዚያ ዞሮ አክስቴን አየ። በራሱ ቋንቋ ይጮህባት ጀመር። እሷ አንገቷን ደፍታ በአጭር በአጭሩ ትመልሳለች። እኔ ክፍል ውስጥ ስትቆጣ እንጂ ሲቆጧት አይቼ አላውቅምና አፈርኩላት። መልስ ያልመጣላት ተማሪ ትመስላለች።

ያኔ ሻምበሉ ሽጉጡን ከወገቡ አወጣ። እሱም የራሱን ሊያስረክብ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አዋጁ ለሁሉም ነዋ! ክምሩ ላይ ግን አልጣለውም። የአክስቴ ጆሮ ሥር አስጠጋው። የእናቴ ጥፍር ትከሻዬ ውስጥ ገባ። አባቴ ሣጥኑን እንደታቀፈ ቆሟል።

የተባባሉትን ኋላ ራሷ አጫውታኛለች። «ይህን ሁሉ ቆሻሻ ለምን አመጡ?» አላት። «የተረጎምኩበት ቃል የሥራ ዕቃንም ይጨምራል፤ አላወቅኩም» አለችው። «አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?» አላት። «ትንንሽ ልጆችን ነው የማስተምረው ጌታዬ። ጠለቅ ያለውን አላውቅም።» «የእናትሽን ቋንቋ አታውቂም?» አላት። «አላውቅም» አለችው። «አላውቅም» የሚለውን እየደጋገመ አስባላት። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ ሽጉጡን ያስታወሰችው በጨዋታ መሃል ነው፤ «አላውቅም» ያለችውን ግን እንደ ቁስል ነበር የምታወራው።

ያዳናት ጥሩምባው ይሁን ፀጉር አስተካካዩ አላውቅም። ጥሩምባው ዳግመኛ ጮኸ፤ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ተራው የደረሰ መስሎት ይሁን ከፍርሃት ብዛት፣ ሳህኑን ከነማበጠሪያው ወደ ሻምበሉ ዘረጋ። ሻምበሉ ማበጠሪያውን አየ። መሳቅ ጀመረ። ወታደሮቹም ተከትለው ሳቁ። «እንዲህ ያለ ሕዝብ ጠመንጃ ቢኖረውም በየት በኩል እንደሚተኮስ አያውቅም!» ነው ያለው። ንቀቱ ባይኖር ኖሮ እኛም አንኖርም ነበር። ቢጫውን ጨርቅ ከአክስቴ ክንድ ላይ ቀዶ አነሳና በግቢው በር ገፍትሮ አስወጣት። ያ ሁሉ ኮተት ሳይመሽ ከግቢው እንዲነሳለትም አዘዘ።

«ተባረረች» አለ ከኋላችን አንድ ሰው። «ይበላት። ቋንቋ ሳትችል ነው ለካ ልጆቻችንን ስታስተምር የኖረችው!»

አባቴ ያን ሰው ዞር ብሎ አላየውም።

ከዚያ ግርግሩ መጣ። ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ወደ ቤቱ። ጡቤ የሚኖረው ከድልድዩ ማዶ፣ ጡብ ማቃጠያው ያለበት ነው፤ ድልድዩን ደግሞ ወታደሮች ይጠብቁታል፤ ከመጡ ወዲህ ያለ ፍተሻ ማንም ተሻግሮ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ሻምበሉ ራሱ «አንሱልኝ!» ብሏል። የጡቤን ሣጥኖች ለመመለስ የከተማው ወንድ ሁሉ በደግነት ተነሳ። ጋሪዎቹ በየቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። እኛም ቤት አንዱ መጥቶ፣ አባቴ «ፈረሱ ውሃ ይጠጣ» ብሎ እስከ ግቢያችን ድረስ አስገባው። ፈረሱ ውሃውን አሽትቶ ተወው። አባቴና ባለጋሪው ኮርኒስ ያለበት ክፍል ገብተው ወጡ።

«ነይ ሚጡ፣ ሣጥኑ እንዳይወድቅ ላዩ ላይ ተቀመጪበት» አለኝ አባቴ።

ደስታዬ ወሰን አጣ! ምክትል ማለት ይህ ነው። ከሥሬ ያለው ጆንያ ግን ረጅምና ጠንካራ ነገር ስለነበረበት ክፉኛ ቆረቆረኝ። የስፌት መኪና እግር መሰለኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጠባቂው ወታደር ጥሩምባውን ሲነፋ የነበረው ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን አንዲት የእኛ ቃል ተምሯል፤ በጣም ወዷታል።

«መሣሪያ?» አለ እየሳቀ።

«አዎ ጌታዬ፣ መሣሪያ ነው» አለ አባቴ።

አባቴ ለደንበኞቹ «ነገ ይደርሳል» እያለ የኖረ ሰው ነው፤ እንደዚያ ቀን ጥርት ያለ እውነት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ወታደሩ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ አሳለፈን።

ማታ ራት ስንበላ መቀመጫዬን እንዳመመኝ ለእናቴ ነገርኳት። «የስፌት መኪናው እግር ነው» አልኳት። እናቴ ጉርሻዋን መለሰችና አባቴን አየችው።

«በላዩ? ልጄን በላዩ አስቀመጥካት?»

«ልጅ ያለበትን ጋሪ አይፈትሹም ብዬ…»

«ባይፈትሹ! ቢፈትሹስ?»

እናቴ ከዚያ ወዲያ ለእህሉ ቀርቶ ለውሃው እንኳ «አቀብልኝ» ሳትለው ሰነበተች። እኔ የተጣሉት መኪናው እግሩን ስላጣ ነው ብዬ ሱቅ ውስጥ ስፈልግለት ከረምኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አዋጁ በሌላ ድምፅ ተነበበ። ከሌላ ከተማ የመጣ ሽማግሌ አስተርጓሚ፣ «የጦር መሣሪያ! የጦር መሣሪያ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ቤት ለቤት ፍተሻው ተጀመረ። ኮርኒሳችንን በሰደፍ በረቃቀሱት፤ አቧራ ብቻ ወረደ። ከከተማው አንድ እንኳ ሰው አልተረሸነም። ጠመንጃው ሁሉ ጡቤ ጋ፣ በጡብ ተገንብቶበት ተኝቷል። ከዚያ እየወጣ ሌት ሌት ሥራውን ሲሠራ እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከእኔ በስተቀር።

ጨዋታው ግን በየቦታው ተወራ። ሻይ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የውሃ ወረፋ ላይ። አባቴ የታሪኩ ባለቤት ሆነ። «እሷ ሳተች፣ እኔ ነቃሁ!» ይላል፤ ሰው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «አንተ ተንኮለኛ! ጭንቅላት ነህ እኮ!» ይለዋል። ወታደሮቹ እስካሉ ድረስ ይህ ወሬ ለእሷም ጋሻ ነበር፤ አውቃ ያደረገችው ነው ቢባል አንዲት ሌሊት አታድርም ነበር። ይህን አልክድም። የሳተች አስተማሪ ግን ሳቅ ሆና ቀረች። ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ በደጃችን ሲያልፉ «ቋንቋ የማታውቅ ቲቸር!» ይላሉ። ከዚያ ላይ ቢጫው ጨርቅ አለ። ሰላም የሚላት ጠፋ። ጓሮ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ በሰው ልብስ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ ልብስ ሰፊዋ በእናቴ በኩል በስውር ነበር የምትልክላት።

አንድ ጠዋት እናቴ ሱቅ ውስጥ አባቴን ስትጨቀጭቀው ሰማሁ። ወታደሮቹ ለቀው የወጡ ሰሞን ነው።

«አሁንስ? አሁን ምን ይከለክልሃል? ንገራቸው እንጂ!»

«ቆይ እስቲ። ጊዜው ይለይለት።»

«ጊዜው ሄደ እኮ! አንተ ካልነገርካቸው ማን ይነግራቸዋል?»

«እነግራቸዋለሁ አልኩሽ አይደል!»

ደንበኞቹ መኪናቸው አለመድረሱን እንዲነግራቸው የምትነዘንዘው መሰለኝ። በየቀኑ ነበር የምትለው። እሱም በየቀኑ «እነግራቸዋለሁ» ይላል። ማታ ግን ሻይ ቤት ሄዶ ያቺኑ ጨዋታ እንደገና ያወራል፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጨመረባት።

በእነዚያ ጠመንጃዎች ሌት ሌት ሲዋጉ የከረሙት ልጆች ከጡብ ማቃጠያው ወርደው ከተማውን ያዙ። ጎበዞች ነበሩ፣ ብዙ መከራ አይተዋል፤ የሚቀጡት ሰው መፈለጋቸው አልቀረም። ለወታደሮቹ ልብስ ታጥብ የነበረችውን ሴት ፀጉሯን ላጭተው አባረሯት። ሽማግሌው አስተርጓሚ ከድልድዩ ሥር ሞቶ ተገኘ። እኔ የተነገረኝ «ሄደ» ተብሎ ነው።

ከዚያ እኛ ቤት መጡ። ሦስት ናቸው፤ ፊት ፊት የሚሄደው የጡቤ ልጅ ነው። ሦስቱም ጠመንጃ ይዘዋል። እኔ ግቢው በር ላይ እጫወት ነበር።

«አክስትሽ አለች?» አለኝ የጡቤ ልጅ።

«አለች።»

«ልንጠይቃት ነበር።»

ልቤ በደስታ ዘለለ! በእኛ ቋንቋ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል፣ ብቻውን የሰነበተ ዘመድ ይጠየቃል። ያን ሁሉ ወር ማንም ሳይጠይቃት አሁን ሦስት ሰው በአንዴ! ብቻ ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት ብዬ ታዘብኳቸው።

«ቤት ለእንግዳ!» አልኩ፣ እናቴ እንደምትለው። ቀድሜያቸው እየሮጥኩ ጓሮ ገባሁ። «እትዬ! እትዬ! ሊጠይቁሽ መጡ!»

አክስቴ ቀና ብላ አየቻቸው። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ፊቷ ነጣ፤ እኔ እንግዳ ሳታስበው ስለመጣባት ነው ብዬ ቤቱን ለማሳመር ተጣደፍኩ።

«እንግዲያው በርጩማ ስጪያቸው» አለችኝ።

ሰጠኋቸው። በሩ ላይ ተገትረው ተያዩ። «ተቀመጡ እንጂ፣ ቆማችሁ ነው እንዴ የምትጠይቁት?» አልኳቸው። የሰው ልጅ ነገር ግሩም ነው፣ ተቀመጡ። ውሃ በብርጭቆ አመጣሁ። በአንድ እጅ ጠመንጃ በአንድ እጅ ብርጭቆ ይዞ በርጩማ ላይ መቀመጥ አይመችም፤ «እዚያ ጥግ አስደግፉት» አልኳቸው፣ እናቴ ለእንግዳ ጃንጥላ እንደምትለው። ከሦስቱ አንዱ አስደገፈ። የጡቤ ልጅ ጭኑ ላይ አጋደመው።

«አንቺ ለጠላት ስታስተረጉሚ…» ብሎ ጀመረ። የገዛ አስተማሪውን «አንቺ» ብሎ አያውቅምና አንደበቱ ከዳው። «ሲያስተረጉሙ ነበር። እንደ ሌሎቹ መጠየቅዎ አይቀርም።»

«ይጠየቃል» አለች አክስቴ። «መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። የያዝከው ጠመንጃ የማን ነው?»

«የአባቴ ነው።»

«ያንተስ?»

«የአጎቴ።»

«ያንተስ?»

ሦስተኛው ጥግ ያስደገፈውን አየና «የአያቴ» አለ።

«አዋጁ የወጣ ቀን የት ነበር?»

«ቤት… አልጋ ሥር» አለ።

«ድልድዩን እንዴት ተሻገረ?»

«በጋሪ። መሣሪያ ተጭኖበት።»

«ሳይፈተሽ?»

«ሻምበሉ አንሱልኝ ስላለ…» አለ ሦስተኛው፤ የጡቤ ልጅ ጣልቃ ገባ። «ይህን ሁሉም ያውቃል። እርስዎ ሳቱ፣ እኛ ነቃን።»

«አዋጁን በየመንደሩ እየዞርኩ ነው ቀኑን ሙሉ ያነበብኩት። አንዴ እንኳ ‹የጦር› ሲባል የሰማ አለ?»

የጡቤ ልጅ ጭኑ ላይ ያለውን ጠመንጃ አገላበጠ።

«ቀኑን ሙሉ ሳትኩ?»

ሁለተኛው ልጅ ውሃውን ተጎነጨ።

«‹ባዶ ቦታውን በተስማሚ ቃል ሙሉ› ስላችሁ ኖሬያለሁ» አለች አክስቴ። ክፍል ውስጥ ስታስተምር የነበረው ድምጿ ነበር፤ ከስንት ወር በኋላ ሰማሁት። «ያን ቀንም ባዶ ቦታ ተውኩላችሁ። አባቶቻችሁ ሞሉት። እናንተ ግን ዛሬም አልገባችሁም።»

ጥግ ያስደገፈው ልጅ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የጡቤ ልጅ ግን አልተነሳም።

«እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ ይኸው ሁሉ ካለፈ በኋላ» አለ። «‹አላውቅም› ብለው በሻምበሉ ፊት አምነዋል። ሕዝብ ያየው ይህን ነው። ምስክር አለዎት?»

አክስቴ ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። አባቴ እጁ በዘይት እንደተነከረ ከሱቅ እየሮጠ መጥቶ እዚያ ቆሟል፤ እናቴ ከኋላው። ለምን እንደሮጡ አልገባኝም፤ እንግዳው እኮ ተስተናግዷል።

«ጋሼ» አለ የጡቤ ልጅ፣ «እርስዎ ነዎት ጨዋታውን ሲነግሩን የኖሩት። አውቃ ነው ያደረገችው?»

አባቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።

«አውቃ ነው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«የዚያኑ ቀን። መኪናው ሁለተኛ ሲዞር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው…? እኛ እኮ ዛሬ ልን…» ልጁ እኔን አየና ቃሉን ዋጠው። አሁን የሚጮኸው በአባቴ ላይ ነበር። «ለምን አልተናገሩም?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ አባቴ።

«እኔ ጠየቅኩህ» አለች እናቴ ከኋላው። «በየቀኑ።»

አባቴ ወደ እናቴ አልዞረም፤ ወደ አክስቴም አላየም። ልጆቹ በርጩማውን ወደ ኋላ እየገፉ ተነሱ። አንደኛው «ቲቸር…» ብሎ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። «ጠመንጃህን እንዳትረሳ» አለችው አክስቴ ወደ ጥጉ እያመለከተች። ወጡ። መርፌዋን ከሰካችበት ነቀለች፤ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ቁልፉን ያዘችላት። በሳምንቱ እቃዋን ጠቅልላ ከግቢያችን ወጣች፤ ከተማው መሃል ቤት ተከራይታ፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ተመልሳ አስተማረች። አባቴን ክፉም ደግም ሳትናገረው ኖረች።

ያን ጠዋት ግን አባቴ ወደ እኔ መጥቶ «ሂጂ ሱቁን ዝጊ» አለኝ። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ምን አጠፋሁ ብዬ በድንጋጤ ሮጥኩ፤ የተቆጣ ነበር የመሰለኝ። አባቴን አፍሮ አይቼው አላውቅም ነበርና ፊቱን መለየት አልቻልኩም።